ዳታቤዝ ስትሠሩ ከየት ትጀምራላችሁ? ከወረቀት እስከ ባክአፕ

ዳታቤዝ ልሥራ ብሎ የተነሳ ሰው አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚያደርገው ፕሮግራሙን ጭኖ ቴብል (ሰንጠረዥ) መፍጠር ነው። እኔም የጀመርኩት እንደዚያ ነበር። ችግሩ የሚታየው ግን ያን ቀን አይደለም። ከወራት በኋላ የአንድ ሰው ስልክ በሦስት ቦታ ሦስት ዓይነት ሆኖ ታገኙታላችሁ፣ የትኛው ትክክል እንደሆነ የሚነግራችሁ ግን የለም።

ከዚህ መመሪያ አንድ ነገር ብቻ ብትይዙ ይህን ያዙልኝ፦ አንድ መረጃ የሚጻፈው አንድ ቦታ ብቻ ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ይህን ለማስጠበቅ የሚደረግ ሥራ ነው።

ሐሳቡ ቆየት ያለ ነው። ኤድጋር ኮድ የተባለ የአይቢኤም ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው ጽሑፍ መረጃን በሰንጠረዥ መልክ እናስቀምጥ አለ። ከዚያ በፊት ፕሮግራመሩ መረጃው የት እንደተቀመጠና በየት በኩል እንደሚደረስበት ማወቅ ነበረበት። የኮድ ሐሳብ ይህን ሸክም አነሳለት፤ የምትፈልጉትን ትናገራላችሁ፣ መንገዱን ዳታቤዙ ራሱ ይፈልጋል። በ1974 ዶናልድ ቻምበርሊንና ሬይመንድ ቦይስ ዛሬ ኤስኪውኤል የምንለውን ዳታቤዝ የሚጠየቅበትን ቋንቋ አቀረቡ፤ በ1986 ደግሞ በአሜሪካ ደረጃ ወጣለት። ለዚህ ነው ፖስትግሬስ በተባለው የዳታቤዝ ፕሮግራም የተማራችሁት አብዛኛው ነገር ማይኤስኪውኤልና ኤስኪውላይት በተባሉትም የሚሠራው።

ምሳሌያችን መጽሐፍ የሚያውስ ቤተ መጻሕፍት ነው። ትእዛዞቹ የሚጻፉት በላቲን ፊደል ነው፤ እዚህ ግን ሲነበቡ እንደሚሰሙት አድርጌ እጽፋቸዋለሁ።

1. ጥያቄዎቹን በወረቀት ጻፉ

ኮምፒውተሩን ለጊዜው ተዉት። ዳታቤዙ የሚመልሳቸውን ጥያቄዎች በወረቀት አስፍሩ። ይህ መጽሐፍ አሁን ማን ጋ ነው? መመለስ የነበረበት መቼ ነው? ስንት ቅጂ አለን? የዚህች ደራሲ መጻሕፍት የትኞቹ ናቸው? ሃያ ያህል ጥያቄ ሲሞላ በየጥያቄው ውስጥ ያሉትን ስሞች አስምሩባቸው። መጽሐፍ፣ ቅጂ፣ አባል፣ ደራሲ። ቴብሎቻችሁ የሚወጡት ከእነዚህ ነው።

ይህን የምታደርጉት ሥራውን ከሚሠራው ሰው ጋር ቁጭ ብላችሁ ይሁን። ከመደርደሪያው አጠገብ የሚውለው ሰው የሚያውቀውን እናንተ በግምት አትደርሱበትም።

2. ሁሉን በአንድ ቴብል ብታስገቡት ምን ይሆናል?

ከኤክሴል የመጣ ሰው ብዙውን ጊዜ እንዲህ ይሠራል፦

የተዋሰው | ስልክ | መጽሐፍ | ደራሲ | የወሰደበት ቀን
ሰላም | በ41 የሚያልቅ | የሒሳብ መግቢያ | ዮናስ | መጋቢት 3
ሰላም | በ41 የሚያልቅ | የከዋክብት ካርታ | ሩት፣ ኤልያስ | መጋቢት 3
ዳንኤል | በ07 የሚያልቅ | የሒሳብ መግቢያ | ዮናስ | መጋቢት 5
ሰላም | በ86 የሚያልቅ | የአፈር ጥናት | ሩት | ሚያዝያ 1

እስቲ ሰላምን ተመልከቷት። ሁለት ስልክ አላት። ስልኳን ቀይራ ነው ወይስ ሁለት ሰላሞች አሉ? ቴብሉ ይህን ሊነግራችሁ አይችልም። አንድ ሰው ናት ካላችሁ ደግሞ ሁለቱ ረድፎች ያልታረሙ ናቸው፤ አንዱን አርማችሁ ሌላውን ብትረሱ ማንም አያስታውሳችሁም።

ዛሬ አዲስ መጽሐፍ ገባ እንበል። እስካሁን ማንም አልተዋሰውም። የት ትጽፉታላችሁ? ቦታ የለውም። የመጨረሻውን ረድፍ ብትሰርዙትስ? የሰረዛችሁት አንድ ውሰት መስሏችሁ ነበር፤ ነገር ግን «የአፈር ጥናት» የሚባል መጽሐፍ እንዳለን የሚያሳየው ብቸኛ መረጃም አብሮ ጠፋ። «ሩት፣ ኤልያስ» ደግሞ ሁለት ሰው በአንድ ሳጥን ውስጥ ነው። የሩትን መጻሕፍት ቁጠሩልኝ ብትባሉ ጽሑፍ መበጣጠስ ልትጀምሩ ነው።

ማረም፣ ማስገባት፣ መሰረዝ። ሦስቱም የተበላሹት በአንድ ምክንያት ነው፤ አንድ ረድፍ የብዙ ነገር መረጃ ተሸክሟል።

3. አንድ ረድፍ ማለት አንድ ምን ማለት ነው?

ለእያንዳንዱ ቴብል ይህን ዓረፍተ ነገር ሙሉ፦ «አንድ ረድፍ ማለት አንድ ... ነው»። ባዶውን ቦታ በአንድ ቃል መሙላት ካቃታችሁ ቴብሉ ገና አልበሰለም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው «መጽሐፍ» ላይ ነው። መጽሐፍ ስንል ምን ማለታችን ነው? «የሒሳብ መግቢያ» የሚባለው ሥራ ነው ወይስ መደርደሪያው ላይ ያለው፣ ሽፋኑ የተቀደደው ያ አንዱ ጥራዝ? አምስት ቅጂ ካለን ሰላም የወሰደችው ሥራውን ሳይሆን ከአምስቱ አንዱን ነው። የሚጠፋውም የሚቀደደውም ቅጂው ነው። ርእሱና የታተመበት ዓመት ግን የሥራው ናቸው። ስለዚህ ሁለት ቴብል ያስፈልጋል፤ «መጽሐፍ» እና «ቅጂ»። ይህን ሳትለዩ ከጀመራችሁ ርእሱን አምስት ጊዜ ትጽፋላችሁ፤ ከአምስቱ አንዱ ላይ ፊደል ይሳሳታል፣ ከዚያም ስንት ቅጂ አለን ሲባል መልሱ አራት ይሆናል።

በእኛ ቋንቋ ይህ ችግር ይብሳል። «ፀሐይ» እና «ጸሐይ» ለእኛ አንድ ቃል ናቸው፤ ለዳታቤዙ ግን ሁለት የተለያዩ ጽሑፎች ናቸው። አንድ ስም አንድ ቦታ ብቻ ከተጻፈ ቢያንስ ከራሱ ጋር አይጋጭም።

በዚህ መንገድ ስንሄድ አምስት ቴብል እናገኛለን፦ አባል፣ መጽሐፍ፣ ደራሲ፣ ቅጂ፣ ውሰት። የውሰት አንድ ረድፍ ማለት አንድ አባል አንድ ቅጂ አንድ ጊዜ ወሰደ ማለት ነው። ሰላም ያንኑ ቅጂ በሚቀጥለው ወር ብትወስደው ሌላ ረድፍ ይሆናል።

4. ቁልፍ ስጡ

እያንዳንዱ ረድፍ ከሌላው የሚለይበት ፕራይመሪ ኪይ ያስፈልገዋል። ስም አይሆንም፣ ሞክሼ አለ። ስልክም አይሆንም። ሰው ስልኩን ይቀይራል፤ ቁልፉ ስልክ ከሆነ ደግሞ ስልኩ የተጠቀሰበት ቴብል ሁሉ አብሮ መለወጥ አለበት።

የኔ ምርጫ ዳታቤዙ ራሱ የሚሰጠው፣ ትርጉም የሌለው ተራ ቁጥር ነው። ትርጉም የሌለው ነገር የሚለወጥበት ምክንያት የለውም። በብዙዎቹ ዳታቤዞች መደበኛው ኢንቲጀር (ሙሉ ቁጥር) ከ2,147,483,647 በላይ አይቆጥርም። ቴብሉ በጣም ያድጋል ብላችሁ ካሰባችሁ ከወዲሁ ሰፋ ያለውን ቢግኢንት አድርጉት፣ በኋላ መቀየሩ ብዙ ጣጣ አለው።

ተራ ቁጥር ሰጠን ብላችሁ ግን አትዘናጉ። ሰላም ሁለት ጊዜ ብትመዘገብ 17 እና 52 የሚል ቁጥር ይዛ ሁለት ሰው ትሆናለች። ስለዚህ የአባልነት መታወቂያ ቁጥሩ ላይ ዩኒክ (አይደገም) የሚል ገደብ ጨምሩ። ተራ ቁጥሩ ለዳታቤዙ ነው፤ ዩኒኩ በገሃዱ ዓለም ያለውን ሰው ለመለየት ነው። ሁለቱም ያስፈልጋሉ።

5. አገናኙ

አንድ መጽሐፍ ብዙ ቅጂ አለው፤ አንድ ቅጂ ግን የአንድ መጽሐፍ ብቻ ነው። እንዲህ ሲሆን አገናኙ ቁጥር የሚቀመጠው «ብዙ» በሆነው በኩል ነው። ቅጂ ውስጥ የመጽሐፉን ቁጥር የሚይዝ ዓምድ ትጨምራላችሁ፤ ፎሪን ኪይ ይባላል። በተቃራኒው መጽሐፍ ቴብል ውስጥ ቅጂ1፣ ቅጂ2፣ ቅጂ3 የሚሉ ዓምዶች መደርደር ከጀመራችሁ ቁሙ። ስድስተኛው ቅጂ ሲመጣ ምን ልታደርጉ ነው?

ደራሲና መጽሐፍ ግን በሁለቱም በኩል ብዙ ናቸው። አንድ መጽሐፍ ሁለት ደራሲ ሊኖረው ይችላል፣ አንድ ደራሲም ብዙ መጽሐፍ ይጽፋል። እዚህ መሀል ላይ ሦስተኛ ቴብል ይገባል። አንዱ ረድፉ «ይህ ደራሲ በዚህ መጽሐፍ ላይ ጽፏል» ማለት ነው። የሁለቱን ቁጥር ይይዛል፣ ሁለቱ አብረው ቁልፉ ይሆናሉ። ሽፋኑ ላይ ማን ቀድሞ ተጻፈ የሚለውም እዚሁ ይገባል፣ ምክንያቱም ቅደም ተከተሉ የደራሲውም የመጽሐፉም ሳይሆን የግንኙነታቸው ነው።

ኤስኪውላይት ለምትጠቀሙ አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ፎሪን ኪይ ብትጽፉም በነባሪው አያስከብረውም። ፕሮግራማችሁ ከዳታቤዙ ጋር በተገናኘ ቁጥር መጀመሪያ ማብራት አለባችሁ።

6. ኖርማላይዜሽን፣ እና የማይመለከተው ነገር

እስካሁን የሠራነው ኖርማላይዜሽን የሚባለው፣ መረጃ እንዳይደገም ቴብሎችን የመለየት ሥራ ነው፣ ስሙን ሳንጠራ። አንደኛው ደረጃ በአንድ ሳጥን አንድ ዋጋ ብቻ ይላል። ሁለተኛው፣ ቁልፉ ከሁለት ዓምድ የተሠራ ከሆነ ሌላው መረጃ በሁለቱም ላይ መደገፍ አለበት፣ በአንዱ ብቻ ላይ አይሆንም ይላል። በመሀሉ ቴብል ውስጥ የደራሲውን ስልክ ብትጨምሩ ይህን ጥሳችኋል። ሦስተኛው ደግሞ ቁልፍ ያልሆነ ዓምድ ሌላ ቁልፍ ባልሆነ ዓምድ ላይ እንዳይደገፍ ያዛል። ውሰት ውስጥ የአባሉን ቁጥርና የአባሉን ስም አብራችሁ ብትጽፉ ስሙ የሚከተለው የአባሉን ቁጥር ነው፣ ውሰቱን አይደለም። ለአብዛኛው ሥራ እስከ ሦስተኛው መድረስ ይበቃል።

አሁን ብዙዎች የሚሳሳቱበት ቦታ። ሕጉ መጽሐፍ በ14 ቀን ይመለስ ይላል እንበል። የመመለሻው ቀን ከወሰደበት ቀን ሊሰላ ስለሚችል ለምን እንጽፈዋለን፣ ድግግሞሽ አይደለም ወይ? አይደለም። በሚቀጥለው ዓመት ሕጉ ወደ 21 ቀን ቢለወጥ ለሰላም ያን ጊዜ የተነገራት ቀን አይለወጥም። ያ ቀን የተሰጠ ቃል ነው፣ ራሱን የቻለ መረጃ ነው። ጻፉት። ሽያጭ ላይም እንዲሁ ነው፤ ዕቃው የተሸጠበት ዋጋ ከዛሬው ዋጋ የተለየ መረጃ ነው፣ ስለዚህ ከሽያጩ ጋር ይቀመጥ። ራሳችሁን የምትጠይቁት ይህን ነው፦ ምንጩ ነገ ቢለወጥ ይሄኛውም መለወጥ አለበት? አዎ ከሆነ አትድገሙት። አይ ከሆነ ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

7. ዓይነትና ገደብ

ቀንን በቀን ዓይነት ያዙ፣ በጽሑፍ አታስቀምጡ። ስልክን ግን በጽሑፍ አስቀምጡ፤ በቁጥር ከያዛችሁት መጀመሪያ ያለው ዜሮ ይጠፋል። ገንዘብን ፍሎት በሚባለው ግምታዊ የቁጥር ዓይነት ውስጥ አታስገቡ። በፍሎት 0.1 እና 0.2 ሲደመሩ 0.30000000000000004 ይመጣል። ለገንዘብ ዴሲማል ወይም ኑመሪክ አለ። በማይኤስኪውኤል «ዩቲኤፍ8» ተብሎ የኖረው የፊደል አጻጻፍ ዓይነት ደግሞ በአንድ ፊደል እስከ ሦስት ባይት ብቻ ነው የሚይዘው። የግዕዝ ፊደል ሦስት ስለሆነ ያልፋል፣ ኢሞጂ ግን አራት ስለሆነ አያልፍም። መጨረሻው ላይ «ኤምቢ4» ያለበትን ምረጡ።

ገደቦችን ዳታቤዙ ውስጥ አስቀምጡ። «ፕሮግራሙ ይቆጣጠረዋል» የሚለውን ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። ዛሬ አንድ ፕሮግራም ነው፤ ነገ ሌላ ሰው ሌላ ፕሮግራም ያገናኛል፣ ወይም አንዱ በእጁ ገብቶ ያርማል። መሞላት ያለበት ዓምድ ኖት ነል (ሳይሞላ አይታለፍ) ይሁን። የመመለሻ ቀን ከመውሰጃ ቀን እንዳይቀድም ቼክ ይግባ። አንድ ቅጂ በአንድ ጊዜ ለሁለት ሰው እንዳይሰጥስ? በፖስትግሬስና በኤስኪውላይት የተመለሰበት ቀን ባዶ ለሆኑ ረድፎች ብቻ የሚሠራ ዩኒክ ኢንዴክስ (መደገምን የሚከለክል የፍለጋ ማውጫ፣ ክፍል 9 ላይ እንመለስበታለን) በቅጂው ቁጥር ላይ መሥራት ይቻላል። ከዚያ በኋላ ሁለት ሠራተኞች በአንድ ሰከንድ ያንኑ ቅጂ ሊያውሱ ቢሞክሩ አንዱ ያልፋል፣ ሌላው ይመለሳል።

ነል ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ብዙ ሰው አስለቅሷል። ነል ዜሮም አይደለም፣ ባዶ ጽሑፍም አይደለም። «አይታወቅም» ማለት ነው። የማይታወቅ ነገር ከሌላ ከማይታወቅ ነገር ጋር እኩል ነው ወይ ብትሉት መልሱ እንደገና «አይታወቅም» ነው። ስለዚህ ነልን በእኩል ይሆናል ምልክት አትፈልጉትም፣ «ኢዝ ነል» ነው የሚባለው። «ሁኔታው ጠፋ ያልሆነ» ብላችሁ ስትጠይቁም ሁኔታቸው ነል የሆኑት ቅጂዎች ከመልሱ ይቀራሉ። ኖት ኢን (በዚህ ዝርዝር ውስጥ የሌለ) ብላችሁ የሰጣችሁት ዝርዝር ውስጥ አንድ ነል ከተገኘ ደግሞ ምንም ረድፍ አይመጣላችሁም፣ ስሕተት ነው ብሎም አይነግራችሁም።

8. ጠይቁ

ሴሌክት የምትፈልጓቸውን ዓምዶች ይመርጣል፣ ዌር ያጣራል፣ ጆይን ቴብሎችን በቁልፋቸው ያገናኛል። ኢነር ጆይን በሁለቱም በኩል ያለውን ብቻ ያመጣል። ሌፍት ጆይን በግራ ያለውን ሁሉ ያመጣና በቀኝ አቻ ለሌለው ነል ይሞላል። አንድም ጊዜ ተውሰው የማያውቁ አባላትን የምታገኙት በዚህ ነው፤ አባልን ከውሰት ጋር በሌፍት ጆይን አገናኙና የውሰቱ ቁጥር ነል የሆነውን አጣሩ።

አንድ የታወቀ ወጥመድ አለ። ሌፍት ጆይን አድርጋችሁ በቀኙ ቴብል ላይ ያለ ሁኔታ፣ ለምሳሌ «ከመጋቢት ወዲህ የተወሰደ» የሚለውን፣ ዌር ውስጥ ከጻፋችሁት ነል የሆኑት ሁሉ ይወድቃሉ። ጆይናችሁ ሳታውቁት ኢነር ሆነ። ሁኔታውን ወደ ጆይኑ «ኦን» ክፍል አስገቡት።

9. ኢንዴክስ

ኢንዴክስ ከሌለ ዳታቤዙ ከመጀመሪያው ረድፍ እስከ መጨረሻው ያነባል። በተለመደው ቢትሪ ኢንዴክስ ግን ከሚሊዮን ረድፍ መሀል አንዱን ለማግኘት ሦስት ወይም አራት ደረጃ መውረድ ይበቃዋል። ታዲያ ሁሉም ዓምድ ላይ ለምን አንሠራም? ምክንያቱም አንድ ረድፍ በገባ ቁጥር ኢንዴክሶቹም አብረው ይጻፋሉ። ፕራይመሪ ኪይና ዩኒክ ራሳቸው ኢንዴክስ ይዘው ይመጣሉ። ፎሪን ኪይ ግን በፖስትግሬስ አይመጣለትም፣ እናንተ ሥሩለት፤ የማይኤስኪውኤሉ ኢኖዲቢ (መረጃውን የሚያስቀምጥለት ክፍል) በራሱ ይሠራል።

በአባልና በቀን ላይ የተሠራ ጥምር ኢንዴክስ ለአባል ፍለጋ ይረዳል፣ ለቀን ብቻ ፍለጋ ግን ብዙም አይረዳም። በስም ከዚያም በአባት ስም የተደረደረ ዝርዝር ውስጥ በአባት ስም ብቻ ሰው እንደመፈለግ ነው። ከመገመት ይልቅ ኩዌሪው (ጥያቄያችሁ) ፊት ኤክስፕሌን ብላችሁ ጻፉና ዳታቤዙ በየት በኩል እንደሚሄድ እዩት።

10. ስትለውጡ ተጠንቀቁ

ሰላም የወሰደችው ቅጂ ጠፋ እንበል። ውሰቱ መዘጋት አለበት፣ ቅጂውም «ጠፍቷል» መባል አለበት። አንዱ ተሠርቶ መብራት ቢጠፋስ? ሁለቱን በአንድ ትራንዛክሽን ውስጥ አድርጓቸው። ቤጊን ብላችሁ ትጀምራላችሁ፣ ኮሚት ስትሉ ሁለቱም ይጸናሉ። መሀል ላይ ነገር ከተበላሸ ሮልባክ ይመጣና ሁለቱም እንዳልተደረጉ ይሆናሉ።

ትራንዛክሽን ለእናንተም መጠበቂያ ነው። አንድ ቀን የአንድ ቅጂ መደርደሪያ ልቀይር ብዬ አፕዴት (ያለውን ረድፍ የሚለውጥ ትእዛዝ) ጻፍኩ። ትእዛዙ ሁለት መስመር ነበር፣ ዌር ያለው ሁለተኛው ላይ ነው። በመዳፊት የላይኛውን ብቻ መርጬ አስኬድኩት። ስክሪኑ ላይ ከአራት ሺህ በላይ ረድፍ ተለውጧል የሚል መጣ። የሌሊቱን ባክአፕ መለስን፤ ከጠዋት ጀምሮ የገባውን ግን ባልደረቦቼ ከወረቀት እያዩ እንደገና አስገቡት፣ እስከ ምሽት ፈጀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቅደም ተከተሌ አልተለወጠም። መጀመሪያ ያንኑ ዌር በሴሌክት አስኬድና ስንት ረድፍ እንደሚመጣ አያለሁ። ቤጊን እላለሁ። አፕዴቱን አስኬዳለሁ። የተለወጠው ቁጥር ካየሁት ጋር ከገጠመ ኮሚት፣ ካልገጠመ ሮልባክ።

የቴብል ቅርጽ ስትለውጡ ግን በማይኤስኪውኤል ሮልባክ አይመልሳችሁም፣ ክሪኤትና ኦልተር የጀመራችሁትን ትራንዛክሽን እዚያው ያጸኑታል። በፖስትግሬስ አብዛኛው ይመለሳል።

ፈቃድን በተመለከተ አጭር ነኝ። ፕሮግራሙ በባለሙሉ ሥልጣን አካውንት አይግባ፣ ለሥራው የሚበቃውን ብቻ ስጡት። ተጠቃሚው የጻፈውን ጽሑፍ ደግሞ ከኩዌሪው ጋር በመደመር አትቀጥሉት። ፍለጋ ሳጥኑ ላይ ስም በመጻፍ ፈንታ ትእዛዝ የሚጽፍ ሰው አለ። የምትጠቀሙበት የፕሮግራም ቋንቋ ዋጋውን ለብቻው በፓራሜትር የሚያሳልፍበት መንገድ አለው፣ ሁልጊዜ እሱን ተጠቀሙ።

11. ባክአፕ፣ እና መመለሱን መሞከር

ለፖስትግሬስ ፒጂደምፕ፣ ለማይኤስኪውኤል ማይኤስኪውኤልደምፕ አለ። በየሌሊቱ በራሱ እንዲሠራ አድርጉና ፋይሉ ዳታቤዙ ካለበት ማሽን ሌላ ቦታ ይቀመጥ። ሌላ ሰርቨር ላይ ግልባጭ እየሄደልን ነው ብላችሁ ባክአፕ አትተዉ። እናንተ በስሕተት የሰረዛችሁትን ግልባጩም ወዲያውኑ ይሰርዘዋል።

ከዚያ የመጨረሻው ሥራ። በወር አንድ ቀን መርጣችሁ የሌሊቱን ፋይል ባዶ ማሽን ላይ መልሱት። በየቴብሉ ስንት ረድፍ እንዳለ ቁጠሩ፣ የመጨረሻው ውሰት የተመዘገበበትን ቀን እዩ፣ መጀመሪያ በወረቀት ከጻፋችኋቸው ጥያቄዎች ሦስቱን ጠይቁት። ለመመለስ ስንት ደቂቃ እንደፈጀ ጻፉና ወረቀቱን ከሰርቨሩ አጠገብ ለጥፉት።